ከፊት ወንበር የመረጥኋቸው ሽማግሌ

ይህ ነገር የደረሰብኝ አምና ነው፤ የሰሊጡ ጭነት አልቆ፣ የከተማችን የሸሕዲ ሙቀት ሰው አላስቀምጥ በሚልበት ሰሞን። ከዚያ ወዲህ ማይክ የያዘ ሰው ባየሁ ቁጥር፣ ሰርግ ላይም ይሁን ስብሰባ ላይ፣ ፊቴ ይቃጠላል። ጭብጨባ ሲሰማ መሬት ተከፍታ ብትውጠው የሚወድ ሰው ካለ እኔ ነኝ።

አስኩ በሉኝ፤ ሰፈሩም የሚጠራኝ እንዲያ ነው። ተወልጄ ያደግሁት ጎጃም ነው። ባለቤቴ ለሰሊጥ አጨዳ ቆላ ወርዶ በዚያው ቀረ፤ እኔም ተከትዬው መጣሁ። ትምህርቴን ገና በልጅነቴ ነው ያቋረጥሁት። ማንበቡን ያጠነከርሁት በኋላ ነው፤ ሱቅ ዕቃ የሚጠቀለልበትን ጋዜጣ እያቃናሁ፣ ቆይቶ ደግሞ በስልኬ። ወሬ ግን ማንም አላስተማረኝም። ገበያ ደርሼ ስመለስ ያየሁትን ስነግራቸው ጎረቤቶቼ «እኛም እኮ እዚያው ነበርን፤ አንቺ ይሄን ሁሉ የት አየሽው?» ብለው ይስቁብኛል። ሥራቸውን ጥለው ግን ይሰሙኛል። ይሄ ያኮራኝ ነበር።

የሰሊጥ ዘይት የምንጨምቅ ሴቶች ማኅበር አለን። ያኔ መጭመቂያው የሌላ ሰው ነበር። ባለቤቱ ሥራ ሲፈታ ነው ለእኛ ተራ የሚሰጠን፤ ሳይፈታ ሲቀር ሰሊጣችን ጆንያው ውስጥ ይሰነብታል። አንድ ድርጅት ለአንድ ማኅበር የመጭመቂያ ማሽን ሊሰጥ ነው ሲባል እንዴት እንደተነቃነቅን ልነግራችሁ አልችልም። ሦስት ማኅበራት አዳራሽ ቀርበው ስለ ሥራቸው ይናገራሉ፤ እንግዶቹን ያሳመነው ማሽኑን ይወስዳል።

ሊቀመንበራችን ከድጃ ናት። መተማ ተወልዳ መተማ ያደገች፣ የልቧን ፊት ለፊት የምትናገር ሴት። «ይቺ ወሬኛ እያለች ሌላ ማን ይናገራል?» አለችና ጣቷን ወደ እኔ ቀሰረች። ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ፤ አጨበጨቡም።

እኔም ነገሩን ከልቤ ያዝሁት። ስልኬ ላይ ንግግር የሚያስተምሩ ቪዲዮዎች አገኘሁ። ሱፍ የለበሰ አንድ ጎልማሳ ወዲያ ወዲህ እያለ ያስተምራል። «የዛሬ ሰው ስልኩ እጁ ላይ ነው» ይላል። «ገና ስትጀምሩ ካልያዛችሁት አታገኙትም። ሰላምታውን ተዉትና በታሪክ ግቡ። ከተቀመጡት መካከል አንድ ሰው ምረጡ፤ ዓይን ዓይኑን እያያችሁ ለእሱ ተናገሩ። ከትልቁ ቃል በፊት ዝም በሉ። መጨረሻ ላይ ደግሞ ያልጠበቁትን አሳዩአቸው።»

እኔ ልሙት፣ በቃሌ ያዝሁት። ባዶ ጀሪካኖቹን ጓሮ ደርድሬ ለእነሱ እናገር ነበር። ቢጫውን ጀሪካን መርጬ ዓይን ዓይኑን አየዋለሁ። ባለቤቴ ከሥራ ሲገባ «ዛሬስ ጀሪካኖቹ ምን አሉ? ማሽኑን ሰጡሽ?» እያለ ያሾፍብኛል።

የቸገረኝ ታሪኩ ነው። «ዘይታችን ንጹሕ ነው፣ ተባብረን እንሠራለን» ማለት ታሪክ አይደለም፤ ያንን ሦስቱም ማኅበራት ይሉታል። ይሄን ሳስብ ነው የዘሃራ ነገር ትዝ ያለኝ።

ዘሃራ ከማኅበሩ ሁሉ የምቀርባት ጓደኛዬ ናት። ካርቱም ኖራ፣ ጦርነቱ ሲነሳ ልጆቿን ይዛ የመጣች፤ ባሏ እዚያው ሞቶባታል። ዝምተኛ ናት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለታችን ብቻ ጥላ ሥር ተቀምጠን ሰሊጥ ስናበጥር፣ የእሷ ሰፌድ ከእኔው ቀድሞ ጥርት ብሎ አየሁትና ለጨዋታ ያህል «አንቺ፣ ጣትሽ ዓይን አለው እንዴ? አሸዋውን ከሰሊጥ እንዲህ መለየት የት ነው የተማርሽው?» አልኋት።

ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ዋጥ አደረገችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ።

ከካርቱም የመጣች ሰሞን የቆየችው መተማ ዮሐንስ ነበር። የሚበላ የላትም። ታላቅ ወንድሟ ሐጂ ሰዒድ እዚያው ከተማ የታወቁ የሰሊጥ ነጋዴ ናቸው፤ እኔ በስማቸው እንጂ በመልካቸው አላውቃቸውም ነበር። ዘሃራ ግን እሳቸው አይሆንም ያሉትን ሰው አግብታ ነው ካርቱም የሄደችው፤ ተመልሳ እጇን መዘርጋት ሞት ሆነባት። ሲጠይቋት «ባሌ ጥሎልኝ የሄደ አለ፤ አልተቸገርሁም» ትላቸዋለች። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ቶቧን፣ ያን የሱዳን ሴቶች የሚጠቀለሉበትን ልብስ፣ እስከ ዓይኗ ትሸፋፈንና መኪና ሲጫን መሬት የፈሰሰውን ሰሊጥ ከነአፈሩ ትጠርጋለች። ያንን አበጥራ ሸጣ ነው ልጆቿን ያበላች።

አንድ ቀን የትኛውም መጋዘን በር ላይ የፈሰሰ ጠፋ። የወንድሟ በር ላይ ግን ጆንያ ተቀዶ ኖሮ ሰሊጡ ተበትኗል። ተሸፋፍና ሄደች። ጎንበስ ብላ ስትጠርግ ሐጂ ሰዒድ ከውስጥ ወጡ። «ሂጂ ከዚህ! ሌባ ሁሉ!» ብለው ሰፌዷን በእግራቸው ገለበጡት። አላወቋትም።

«ድምፄን እንዳይለየው ቶቤን አፌ ውስጥ ጎሰጎስሁት» አለችኝ። ቀጥላም «አማና ነው እንግዲህ፣ አስኩ» ብላ ጨረሰች።

ይሄን ቃል አላውቀውም ነበር። እዚህ አገር ገበያ ላይ የሚነገረውን የሱዳን ቃል ለምጄዋለሁ፤ ይሄ ግን ገበያ ላይ የሚነገር አልነበረም። እኛ ዘንድ በፋሲካ ቤተ ክርስቲያን «በአማን» ሲባል እሰማለሁ፤ በእውነት ማለት ነው። የእሷም ያው መሰለኝ። እውነቴን ነው ስትል የማለችልኝ መሰለኝ።

«አምኜሻለሁ እኅቴ» አልኋት።

ዘሃራም ደስ ብሏት ራሷን ነቀነቀች። ሁለታችንም የተግባባን መስሎን ወደ ሰፌዳችን ተመለስን።

እንግዲህ ይሄን ታሪክ ነው ለአዳራሹ ያዘጋጀሁት። ከአፈር ውስጥ ሰሊጥ የለቀመች ሴት ዛሬ ዘይት ጨማቂ ሆነች። ከዚህ የበለጠ ምን ይመጣል? ለዘሃራ አልነገርኋትም። የቪዲዮው ሰውዬ «ያልጠበቁትን አሳዩአቸው» ብሏላ! እሷንም ላስደንቃት ፈለግሁ። ከድጃ እንኳ «ምንድነው የምትናገሪው?» ብትለኝ «ታዪኛለሽ» ብዬ አለፍኋት።

የዕለቱ ዕለት አዳራሹ ሞልቷል። ከፊት የድርጅቱ እንግዶች፣ ከጎናቸው የተጋበዙ ነጋዴዎችና ሽማግሌዎች፣ ከኋላ እኛ። ከእኛ በፊት የቀረቡት ሁለቱ ማኅበራት ከወረቀት አነበቡ። ሰው ስልኩን ይነካካል፤ ያዛጋል፤ አንዱ ማራገቢያው ሥር አንገቱን ጥሎ ተኝቷል። አየሽ አስኩ፣ ሰውየው ያለው ይሄን ነው አልሁ በልቤ።

ተራዬ ሲደርስ ወጣሁ። ሰላምታ አልሰጠሁም። ማይኩን አፌ ላይ ለጥፌ «ሂጂ ከዚህ! ሌባ ሁሉ!» ብዬ ጮህሁ።

የተኛው ባነነ። ስልክ ሁሉ ወረደ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ሰላምታ የለም እንዴ?» ሲሉ ሰማሁ፤ ግን እሳቸውም ዓይናቸውን አልነቀሉም። ያኔ የማየውን ሰው መረጥሁ። ከፊት ወንበር፣ ነጭ ጥምጣም የጠመጠሙ፣ ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው የያዙ ሽማግሌ። ጩኸቴን ሲሰሙ ቀና ብለው አይተውኝ ነበርና፣ እነሆ ያዝኋቸው አልሁ።

ከዚያ በኋላ የተናገርሁትን ሁሉ ለእሳቸው ነው የተናገርሁት።

ስም አልጠራሁም። «ከካርቱም የመጣች አንዲት ሴት» አልሁ። እንዴት እንደተሸፋፈነች፣ አፈሩን እንዴት እንደጠረገች፣ ልጆቿ ማታ «እናታችን የት ዋልሽ?» ሲሏት ምን ብላ እንደምትመልስ፣ ያንንም ከራሴ ጨምሬ፣ ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ ነገርኋቸው። ሽማግሌው መጀመሪያ ፊታቸውን አኮማተሩ። ቀጥሎ ከዘራቸውን ወደ ደረታቸው ሳቡት። ዓይናቸው ሲሞላ ሳይ እኔ ልቤ በደስታ ሊፈነዳ ደረሰ። ማሽኑ የእኛ ነው አልሁ።

«ሰፌዷን በእግሩ የገለበጠባት ሰው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ?» አልሁና እንደተማርሁት ዝም አልሁ። ማራገቢያው ብቻ ይሰማል። «የእናቷ ልጅ፣ ወንድሟ ነው!»

ከእንግዶቹ አንዷ ዓይኗን ጠረገች። እኔም ከበሮ እንደሚመታለት ሰው ሞቅ አለኝ። «ውሸት ይመስላችኋል? ራሷ ናት የነገረችኝ! ስትጨርስ ምን አለችኝ መሰላችሁ? አማና ነው አለችኝ! አማና!»

ግማሹ አዳራሽ እንደ ድንጋይ ሆነ። ነጋዴዎቹ በተቀመጡበት በኩል እርስ በርስ ተያዩ። አንዲት ሴት ቀስ ብላ «ላ ኢላሃ ኢለላህ» አለች። ነክቷቸው ነው ብዬ ነበር እኔ።

«ይቺ ሴት ደግሞ ዛሬ እዚሁ ናት! ዘሃራ፣ ተነሺ!»

እንግዶቹ ማጨብጨብ ጀመሩ፤ ሌላውም ተከተለ። ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ዞሮ እያጨበጨበላት ምን ታድርግ? ተነሣች። ቀስ ብላ ነው የተነሣች። ቶቧን ጎትታ ፊቷን እስከ ዓይኗ ሸፈነች። እኔን አላየችኝም። የምታየው የፊቱን ወንበር ነበር።

ባለ ነጭ ጥምጣሙ ሽማግሌ ዞሩ። አዩዋት። ሊቆሙ ሞክረው ተቀመጡ፤ ሁለተኛ ሞክረው ቆሙ። ከዚያ በሰው መሀል፣ ማንንም ሳያዩ፣ በጎኑ በር ወጡ። ከዘራቸው ወንበሩ ላይ ቀረ።

ከመድረክ ስወርድ ከድጃ ክንዴን ጨምድዳ ይዛ ወደ ውጭ አወጣችኝ።

«አስኩ፣ አማና ማለት ምን ማለት ነው?»

«እውነት ማለት አይደል?»

«አደራ ማለት ነው፣ አንቺ! አደራ! ይቺ ነገር ካንቺ ጋር ትቅር ማለት ነው። አንቺ ደግሞ አደራ ብላኛለች እያልሽ በማይክ ትለፍፊያለሽ!»

ከድጃ ገና አልጨረሰችም።

«ደግሞስ ዓይን ዓይናቸውን ያየሻቸውን ሰውዬ ታውቂያቸዋለሽ?»

ሳትነግረኝ ገባኝ።

«ሐጂ ሰዒድ ናቸው» አለችኝ።

ከአዳራሹ ጀርባ ያለው የውኃ ታንከር ሥር ሄጄ ተቀመጥሁ። እዚያው ሆኜ ነው የእኛ ማኅበር ስም ሲጠራ የሰማሁት። ማሽኑን አገኘን። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው እልል ያሉት፤ እሱም ወዲያው ተቆረጠ። አንድ የድርጅቱ ሰው ፈልጎ አገኘኝና እጄን ጨብጦ «እንዲህ ያለ ንግግር ሰምቼ አላውቅም፤ የት ነው የሠለጠንሽው?» አለኝ። «በጀሪካን ነው» አልሁት። ቀልድ መስሎት ሳቀ።

በነጋታው ዘሃራ ቤት ሄድሁ። ደጇ ላይ ሰፌድ ይዛ ተቀምጣለች። ግቢም አላለችኝ፣ ሂጂም አላለችኝ። ፊት ለፊቷ ቁጢጥ አልሁ።

«ዘሃራዬ፣ ቃሉን አላወቅሁትም ነበር። በልጆቼ ሞት።»

«ልጆችሽን አታንሺ። ቃሉን እንደማታውቂው ከድጃ ነግራኛለች፤ አምኛለሁ።» ሰፌዷን አስቀመጠች። «ድምፄስ?»

«እ?»

«ያን ቀን ከእኔና ካንቺ ሌላ ማን ነበር እዚያ? ማንም። ታዲያ ድምፄን ዝቅ ያደረግሁት ለምን ይመስልሻል? ይሄም ዓረብኛ ነው?»

ቃሉን ባላውቅ፣ የጓደኛዬን ድምፅ አውቀው ነበር እኮ። ድምፅዋ ሲወርድ ሰምቻለሁ። እንዲያውም መድረክ ላይ ስናገር እዚያች ቦታ ላይ የእኔንም ድምፅ ዝቅ አድርጌው ነበር፤ ለማሳመር።

«ለራሴ አፍሬ የደበቅሁት መስሎሽ ይሆናል» አለችኝ። «ሠርቼ ነው የበላሁት፤ ምን ያሳፍረኛል? የደበቅሁት ለእሱ ነው። እኔ መሆኔን ሳያውቅ ነው ያደረገው። ቢያውቅ እንቅልፍ እንደማይወስደው ወንድሜን አውቀዋለሁ። በሆዴ ይዤ እኖር ነበር።»

ሐጂ ሰዒድ በዚያው ሳምንት ከመተማ ዮሐንስ መጡ። ግቡ ብትላቸው አልገባም ብለው ደጃፏ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው «እኅቴ፣ አፉ በይኝ፤ ይቅር በይኝ» እያሉ አለቀሱ አሉ። እሷም አፉ ብላቸዋለች። ለዘበኞቻቸው የፈሰሰ ሰሊጥ የሚጠርግ ሰው እንዳታባርሩ ብለው አዝዘዋል። ሰው ይሄን ሲሰማ «አየሽ፣ ንግግርሽ መልካም ነገር አመጣ» ይለኛል። ዘሃራን ግን አንድ ቀን ብጠይቃት «ከዚያ ወዲህ በመጋዘኑ ዋና በር ገብቶ አያውቅም» አለችኝ። «በጓሮ ነው የሚገባ። ያን ቦታ መርገጥ አልቻለም።»

እኔን ደግሞ ድርጅቱ ሌሎች ማኅበራትን ንግግር እንዳስተምር አብደራፊ ድረስ ጠራኝ። የሰው ልብ እንዴት እንደሚያዝ አሳዪልን አሉኝ። ጉንፋን ይዞኛል ብዬ ቀረሁ። ሁለተኛም ጠሩኝ፤ ጉንፋኑ አልለቀቀኝም አልሁ።

ይሄን ከመጻፌ በፊት ዘሃራን ጠይቄያታለሁ። ከእኔ በቀር ስሞቹን በሙሉ የቀየረችው እሷ ናት። እስከ መጨረሻው አነበብሁላት። አንድ ቦታ ላይ «ይሄን አውጪው» አለችኝ፤ አወጣሁት። ታሪኩ ጎዶሎ ሆኖ የተሰማችሁ ቦታ ካለ እሱ ነው፤ ጎዶሎ እንደሆነ ይቅር። «ወንድምሽስ ይሄን ቢሰማ?» ብላት «እሱ ሰምቷል፤ ከዚህ በላይ ምን ይሰማል?» አለችኝ።

አልተኳረፍንም። አዲሱ ማሽን አጠገብ ጎን ለጎን እንሠራለን። እንዲያውም አንድ ቀልድ አውጥታብኛለች። «አስኩ፣ ጨው አልቋል» ትለኛለች፤ ቀጥላ «አማና አይደለም፤ ለፈለግሽው ንገሪ» ትላለች። ሴቶቹ በሳቅ ይፈርሳሉ። «አስኩ፣ ዝናብ ሊመጣ ነው፤ አማና አይደለም!» እኔም አብሬ እስቃለሁ።

አንድ ነገር ብቻ አለ፤ ሌሎቹ ሴቶች ልብ አላሉትም። ዘሃራ ከከድጃ ጋር ስታወራ አንዳንዴ ጠጋ ትልና ድምፅዋ ይወርዳል። ለእኔ ስታወራ ግን፣ ማሽኑ ጠፍቶ ሁለታችን ብቻ ቀርተን እንኳ፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት እንደቆመች ጮክ ብላ ነው። ስለ ልጆቿም፣ ስለ ጤናዋም፣ ስለ ምኑም፣ ጮክ ብላ።

እሰማታለሁ። ሥራዬን እየሠራሁ፣ ድምፅዋ ዝቅ የሚልባትን ቀን እጠብቃለሁ።